ወተት ያለበት የቅመም ሻይ ከየት መጣ? ስኳሩንስ ማን አበዛው?

በዋሽንግተንም ሆነ በለንደን ቡና ቤት ገብቶ ወተት ያለበት የቅመም ሻይ የሚያዝ ሰው «ቻይ ቲ» ይላል። በአማርኛ ሲተረጐም «ሻይ ሻይ» ማለት ነው። ቅጠሉን አብዛኛው የቻይና ሕዝብ «ቻ» ይለዋል፤ በየብስ መንገድ በፋርስ በኩል ሲወጣ «ቻይ» ተባለ፤ ሩሲያውም፣ ቱርኩም፣ ዐረቡም፣ አማርኛ ተናጋሪውም ስሙን የወሰዱት ከዚህ መንገድ ነው። በደቡብ ቻይና በፉጂያን ወደቦች ግን «ቴ» ይባል ስለነበረ፣ ከዚያ የጫኑት የሆላንድ መርከቦች ለምዕራብ አውሮፓ ይህን ስም አደረሱ። እንግሊዞች «ቲ»፣ ጣሊያኖች «ቴ» ማለታቸው ከዚሁ የመጣ ነው። የቡና ቤቱ ሰው ሁለቱን መንገዶች ሳያውቅ አንድ ላይ ያስራቸዋል።

በስሙ መሳቅ ይቻላል። በኩባያው ውስጥ ያለው ግን የሚያስቅ አይደለም። አብዛኛው ጊዜ ከተዘጋጀ ሽሮፕ ወይም ዱቄት የሚቀዳ ነው፤ ግማሽ ሊትር ገደማ የሚይዘው ትልቁ ኩባያ ውስጥ የሚገባው ስኳር 40 ግራም፣ ማለትም ዐሥር የሻይ ማንኪያ ሊደርስ ይችላል። ይህን የሚጠጣው ሌሊቱን ሙሉ ታክሲ የሚነዳው፣ በመኪና ማቆሚያ የሚሠራው፣ በሆስፒታል የሌሊት ተረኛ የሆነችው ሰው ነው። ደክሞት ስለሆነ አንዱን ኩባያ ሁለት ያደርገዋል። ስኳር በሽታ በየቤቱ በሚወራበት በዚህ ዘመን፣ ይህ መጠጥ ከየት እንደመጣና እንዴት እዚህ እንደደረሰ ማወቁ ከንቱ ወሬ አይሆንም። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የአሳም ቅጠል

በሰሜን ምሥራቅ ሕንድ፣ በብራህማፑትራ ወንዝ ሸለቆ አሳም የሚባል አገር አለ። በዚያ አካባቢ የሚኖሩት የሲንግፎ ሕዝቦች እንግሊዞች ከመድረሳቸው በፊት በጫካ የበቀለውን የሻይ ቅጠል ለቅመው ያፈሉ ነበር። በ1823 ሮበርት ብሩስ የሚባል ስኮትላንዳዊ ስለዚህ ተክል ከሲንግፎው አለቃ ከቢሳ ጋም ሰማ። ከአለቃው ጋር ያገናኘው ማኒራም ዴዋን የተባለ የአሳም መኳንንት ወገን ነው። ብሩስ በማግሥቱ ዓመት ሞተ፤ ነገሩን የቀጠለው ወንድሙ ቻርልስ ነበር።

እንግሊዞች ይህን ቅጠል በብርቱ የፈለጉት ያለ ምክንያት አልነበረም። ሻይ ሁሉ የሚገዛው ከቻይና ነበር፤ ዋጋውም መጀመሪያ በብር፣ ኋላም በሕንድ በሚመረት ኦፒየም ይከፈል ነበር። የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ በቻይና ንግድ ላይ የነበረውን ብቸኛ መብት በ1833 ሲያጣ፣ በራሱ ግዛት ውስጥ የሚበቅል ሻይ የሞት የሽረት ጉዳይ ሆነበት። በጥር 1839 ስምንት ሣጥን የአሳም ሻይ ለንደን ላይ በጨረታ ተሸጠ። በዚያው በጥር ወር የእንግሊዝ ጦር ዓደንን ያዘ። ያን ጊዜ በሁለቱ መካከል ግንኙነት አለ ያለ ሰው አልነበረም፤ ግንኙነቱ የታየው በኋላ ነው፤ ወደ እርሱ እንመለስበታለን።

ማኒራም ዴዋን መጀመሪያ ለእንግሊዝ የሻይ ኩባንያ ሠራ፤ ከዚያም ተለይቶ የራሱን የሻይ እርሻ አቋቋመ። ከሕንዳውያን ወገን ሻይን ለገበያ ከተከሉት የመጀመሪያዎቹ አንዱ እርሱ ነው። የተሻረው የአሆም ንጉሣዊ ቤተሰብ ወደ ዙፋኑ እንዲመለስ ይጠይቅ ስለነበረ፣ በ1857 በሕንድ ታላቁ ዐመፅ ሲነሣ አሢረሃል ተብሎ ተያዘ፤ በየካቲት 1858 ጆርሃት በሚባል ከተማ ተሰቀለ። እርሻውም ተሸጦ በአውሮፓዊ እጅ ገባ። ቅጠሉን ያሳየው ሰው መጨረሻው ይህ ሆነ።

እርሻው ሲሰፋ የአሳም ሰው በዚያ ደመወዝና በዚያ አያያዝ ለመሥራት አልፈቀደም። ስለዚህ ከመካከለኛው ሕንድ ደጋ፣ ከቾታ ናግፑርና ከሌሎችም ድሃ አውራጃዎች ሰው በውል እየተፈረመ ተጋዘ። ብዙው በመንገድ ላይና በእርሻው በበሽታ አለቀ። በውሉ መሠረት ሠራተኛው ከአሠሪው ተለይቶ ከሄደ ጥፋቱ የሥራ ክርክር ሳይሆን ወንጀል ነበር፤ ተይዞ ይታሰራል። ፓስፖርቱን በአሠሪ እጅ አስቀምጦ በባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሠራ ሰው ይህ ሕግ አዲስ ነገር አይሆንበትም። በግንቦት 1921 ከቻርጎላ ሸለቆ እርሻዎች በሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች ሥራቸውን ጥለው በእግር ወደ አገራቸው ጉዞ ጀመሩ። ዛሬ በባንግላዴሽ ውስጥ ባለው በቻንድፑር ሲደርሱ፣ በባቡር ጣቢያው በተኙበት በሌሊት የመንግሥት ወታደሮች ጥቃት አደረሱባቸው።

ሕንድ ሻይ መጠጣት እንዴት ለመደች

ብዙ ሰው ሕንዳውያን ከጥንት ጀምሮ ወተት ያለበት የቅመም ሻይ የሚጠጡ ይመስለዋል። በየፓኬቱ ላይም እንዲህ ተብሎ ይጻፋል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። እስከ ሃያኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ድረስ ሻይ ለአብዛኛው ሕንዳዊ እንግዳ ነገር ነበር፤ የሚለቅመው እንጂ የሚጠጣው አልነበረም። ከጥንት የነበረው ቅመሙ ነው። ዝንጅብል፣ ሄል፣ ቅርንፉድ፣ ቀረፋና ቁንዶ በርበሬ በውኃ ተቀቅሎ ለጉንፋንና ለሆድ ሕመም ይጠጣ ነበር። በውስጡ የሻይ ቅጠል አልነበረም።

ሻይን ለሕንዳዊው ያስተማረው ማስታወቂያ ነው። በ1903 የሻይ ባለ እርሻዎች ራሳቸው ጠይቀው፣ ወደ ውጭ በሚላከው ሻይ ላይ ጥቂት ቀረጥ እንዲጣልና ገንዘቡ ሻይን ለማስተዋወቅ እንዲውል የሚያደርግ ሕግ ወጣ። መጀመሪያ ገንዘቡ በብዛት የዋለው በውጭ አገር ገበያ ላይ ነበር። በ1930ዎቹ የዓለም ኢኮኖሚ ሲወድቅና የሻይ ዋጋ ሲያሽቆለቁል ግን የሕንድ ሕዝብ ራሱ እንደ ትልቅ ገበያ ታየ። በባቡር ጣቢያዎች የሻይ አፈላል በየቋንቋው የተጻፈባቸው የቆርቆሮ ሰሌዳዎች ተሰቀሉ፤ በፋብሪካዎች የሻይ ዕረፍት እንዲለመድ ተደረገ፤ ቤት ለቤት እየዞሩ የሚያሳዩ ሰዎች ተቀጠሩ። የሚያስተምሩት የእንግሊዙን ሥርዐት ነበር፦ ውኃው ይፍላ፣ ቅጠሉ በማንቆርቆሪያ ይዘፍዘፍ፣ ወተትና ስኳር በመጨረሻ ይጨመር። ስኳሩ እንግዲህ የገባው ከዚህ በር ነው።

በመንገድ ዳር ሻይ የሚሸጠው ድሃ ግን ትምህርቱን እንደተሰጠው አልተቀበለም። ለእርሱ ከሁሉ የሚወደደው ቅጠሉ ነበር። ስለዚህ ቅጠሉን ቀንሶ፣ ወተቱንና ስኳሩን አብዝቶ፣ ከቤቱ የሚያውቀውን ዝንጅብልና ሄል ወቅጦ ሁሉንም በአንድ ድስት አፈላው። የሻይ ማኅበሩ ሰዎች ይህን አልወደዱትም። ቅመም በገባ ቁጥር የሚፈጀው ቅጠል ያንሳልና፣ ቀረጥ ተከፍሎበት የተዘረጋው ዘመቻ ትርፉን ሊያጣ ነው። ሆኖም የባቡር ጣቢያው ሕዝብ ፈርዶ ነበር። ዛሬ በዓለም ሁሉ የሚታወቀው መጠጥ የእንግሊዝ ፈጠራም፣ የጥንት ሐኪሞች ውርስም አይደለም፤ ቅጠል የተወደደበት ነጋዴ ያመጣው ብልሃት ነው።

ተቃዋሚም አልታጣለትም። ማኅተመ ጋንዲ በ1942 በፑኔ በአጋ ካን ቤተ መንግሥት ታስረው ሳሉ ስለ ጤና በጻፉት መጽሐፍ ሻይ፣ ቡናና ካካዎ ለሰውነት እንደማያስፈልጉ አስረድተዋል፤ በተለይ ብዙ የተቀቀለ ሻይን አልወደዱትም። የጋንዲ ቃል በብዙ ነገር ሲሰማ በዚህ ግን አልተሰማም። ነፃነት በ1947 ከመጣ በኋላ አዲሱ መንግሥት ሻይን የአገር ምርት አድርጎ አበረታታው። ዊሊያም መክርቸር የተባለ ሰው በ1930ዎቹ መጀመሪያ በአሳም የፈጠረው ማሽን ደግሞ ቅጠሉን ጨፍልቆ፣ ቀዶና ጠቅልሎ ትንንሽ ፍሬ ያደርገዋል፤ ይህ ዐይነቱ ሻይ ርካሽ ነው፣ ቶሎ ይጠቁራል፣ በወተት ውስጥም ኃይሉ አይጠፋም። ማሽኑ ከነፃነት በኋላ በሰፊው ሲሠራበት የቅመም ሻይ በየመንገዱ ዳር ሞላ። እንግዲህ ይህ «ጥንታዊ» የሚባል መጠጥ በዛሬ መልኩ በየቦታው የተስፋፋው ገና በቅርብ ዘመን ነው።

ዓደን፣ ሐረር፣ ባሕረ ሰላጤው

ወደ ዓደን እንመለስ። እንግሊዞች ዓደንን ከያዙ በኋላ እስከ 1930ዎቹ ድረስ የሚያስተዳድሯት ከሕንድ ነበር። ገንዘቡ የሕንድ ሩፒ ነበር፤ ወታደሩ፣ ጸሐፊው፣ ባለ ሱቁ ብዙው ሕንዳዊ ነበር። ሻዩም አብሯቸው ተሻገረ። ነገር ግን ዓደን ድንጋይና ፀሐይ ናት፤ ላም የሚሰማራበት ሣር የላትም። ስለዚህ በመርከብ የሚመጣው የቆርቆሮ ወተት የትኩሱን ወተት ቦታ ያዘ፤ ሄል የገባበት «ሻይ ዓደኒ» እስከ ዛሬ የሚፈላው በዚሁ ወተት ነው። በባሕሩ ማዶ ሶማሊዎች ቀረፋ፣ ሄልና ቅርንፉድ ያለበትን ሻይ በግመል ወይም በላም ወተት ያፈላሉ። በሐረር ዙሪያ ደግሞ ከቡና ቅጠል የሚፈላ ቁጢ የሚባል መጠጥ አለ፤ ወተት ይጨመርበታል። ቅጠልን ከወተት ጋር ማፍላት ለምሥራቁ የኢትዮጵያ ሰው ከውጭ የመጣ ጥበብ አይደለም።

በባሕረ ሰላጤው ነዳጅ ዘይት ሲገኝ የሕንድና የፓኪስታን ሠራተኞች ጎረፉ። በሂንዲ «ከዳክ» ማለት ብርቱ ማለት ነው፤ ዐረቦቹ «ከረክ» አሉት። ዛሬ በዶሃ፣ በዱባይና በኩዌት ከረክ የማይሸጥበት መንገድ ማግኘት ያስቸግራል። በየቤቱ ይህን ሻይ ጠዋት ማታ የሚያፈሉት ብዙዎቹ ከኢትዮጵያ የሄዱ እኅቶች ናቸው። ሙያውን ይዘው አዲስ አበባ ይመለሳሉ፤ ከዚያም አልፈው ወደ አውሮፓና ወደ አሜሪካ ያሻግሩታል። ከረክ በአበሻ ቤት ከተፈላ አንዲት ሴት ከአሠሪዋ ወጥ ቤት ያመጣችው መሆኑ አይቀርም፤ ይህን የሚጽፍላት ግን የለም።

የኢትዮጵያው ሻይ

በኢትዮጵያ ከተሞች ለሻይ መለመድ የሕንድ ነጋዴዎች ድርሻ ነበራቸው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የተስፋፋውን፣ ጣሊያኖች በ1937 ያባረሩትን የሞሐመድ አሊን ንግድ ቤት የአዲስ አበባ ሽማግሌዎች ሲያነሡት ኖረዋል። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በየጠቅላይ ግዛቱ ትምህርት ቤት የተመደቡት የሕንድ መምህራንም በየቤታቸው ወተት ያለበትን ሻይ ያፈሉ ነበር። ሆኖም ኢትዮጵያዊው ቅመሙን ወስዶ ወተቱን ተወ። ቀረፋ፣ ቅርንፉድና ሄል ያለበት ቀይ ሻይ ነው የአገሩ ሻይ። ከምክንያቶቹ አንዱ ጾም ነው፤ ረቡዕና ዓርብን፣ ዐቢይ ጾምን፣ ፍልሰታንና የነቢያትን ጾም የሚጾም ቤት ወተትን የዕለት መጠጥ ማድረግ አይሆንለትም። በውሹውሽና በጉማሮ የሚበቅለውን ሻይ አገሩ ሲጠጣ የኖረው በአብዛኛው እንዲህ ነው።

የሕንዱን ሄል የሚተካ የራሱ ቅመምም አለው። ኮረሪማ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን፣ በከፋና በጋሞ ጎፋ የሚበቅል የአገር ተክል ነው፤ ከሄል ጋር ዘመድ ቢሆንም ጠረኑ የከበደ ነው።

ስኳሩስ? በገጠር ቡና በጨው የሚጠጣበት አገር ነበር። የሆላንዱ ኤች.ቪ.ኤ. ኩባንያ የወንጂን ስኳር ፋብሪካ በ1954 ካቋቋመ ወዲህ ስኳር በየከተማው ተዳረሰ፤ ሻይና ስኳርም አልተለያዩም። በደርግ ዘመን ስኳር በቀበሌ ሲታደል፣ ለእንግዳ ሦስት ማንኪያ ጨምሮ ማቅረብ ትልቅ አክብሮት ነበር። ያ ትዝታ ውጭ አገርም ተከትሎ መጥቷል፤ ልዩነቱ እዚህ ስኳር ርካሽ መሆኑ፣ ሰውም እንደ አገሩ በእግሩ አለመሄዱ ነው።

ሒሳቡ ቀላል ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ያህል ይመዝናል። በቀን አራት ኩባያ በሦስት ሦስት ማንኪያ የሚጠጣ ሰው 48 ግራም ስኳር ከሻዩ ብቻ ያገኛል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ባወጣው መመሪያ የተጨመረ ስኳር ከዕለቱ የምግብ ኃይል ከዐሥር አንድ እጅ እንዳይበልጥ፣ ቢቻልም ከሃያ አንድ እጅ በታች እንዲሆን መክሯል፤ ይህ ሁለተኛው ለአዋቂ 25 ግራም፣ ስድስት ማንኪያ ገደማ ነው።

በቤት ሲፈላ

የመንገድ ዳሩ ሕንዳዊ ቅመም የጨመረው ቅጠል ለመቆጠብ ነበር። ዛሬ ውድ የሆነው ቅጠሉ አይደለም፤ ጤናው ነው። ቅመሙ አሁንም ያንኑ ሥራ ሊሠራ ይችላል፦ ቀረፋና ሄል ጠረናቸው ጣፋጭ ስለሆነ ምላስ ስኳሩን እምብዛም አይፈልግም። ቅመም ስኳር በሽታን ያድናል ብሎ መነሣት ግን ስሕተት ነው፤ መድኃኒቱን ትቶ ቀረፋ የሚጠጣ ሰው ራሱን ይጎዳል።

ለሦስት ኩባያ የሚሆነው እንዲህ ነው። ሦስት ፍሬ ሄል፣ ወይም የአንዲት ኮረሪማ ፍሬ ከገለባዋ ወጥታ፣ ሦስት ቅርንፉድ፣ ጥቂት ቁንዶ በርበሬና አንዲት አጭር ቀረፋ በሙቀጫ ሸክሸክ ይደረጋሉ። የአውራ ጣት ጫፍ የሚያህል ዝንጅብል ይቀጠቀጣል። ሁሉም በሁለት ኩባያ ተኩል ውኃ ውስጥ ተከድኖ ዐሥር ደቂቃ በቀስታ ይፈላል። ዝንጅብሉ ከወተቱ በፊት መፍላት አለበት፤ ጥሬውን ወተት ውስጥ የጨመረው ሰው ወተቱ ተቆራርጦ ያገኘዋል። ከዚያ ሁለት የሻይ ማንኪያ ቅጠል ገብቶ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይቆያል፤ ከዚያ በላይ ከቆየ ይመራል፣ የመረረውን ሻይ ለመጠጣት ደግሞ ስኳር ይፈለጋል። በመጨረሻ አንድ ኩባያ ወተት ተጨምሮ አንድ ጊዜ ገንፈል ሲል ይወርዳል፤ በማጥለያ ይቀዳል። በሦስት ማንኪያ የለመደ ሰው በአንድ ጊዜ ባዶውን ልጠጣ ቢል ይጠላዋል። በየሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ ቢቀንስ ግን ከአንድ ወር በኋላ የድሮው ራሱ ይጣፍጠዋል።

የቆርቆሮ ወተት የሚገዛ ሰው ጽሑፉን ያንብብ። በመደርደሪያው ላይ ጎን ለጎን የሚቀመጡ ሁለት ዐይነቶች አሉ። አንደኛው ውኃው የተነነለት ብቻ ነው፤ ወፍራም ስለሆነ በግማሽ ውኃ ይቀጥናል። ሁለተኛው ጣፋጩ ነው፤ ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ስኳር ነው። በየሱቁ የሚሸጠው ከረክ ብዙ ጊዜ ይህ ሁለተኛው ይገባበታል። በጾም የአጃ ወይም የአኩሪ አተር ወተት ይሆናል፤ ከእነርሱም ውስጥ ስኳር የተጨመረበት ስላለ ያልተጨመረበትን መምረጥ ያስፈልጋል።

ስለ ቀረፋም አንድ ነገር አለ። በአሜሪካ መደብር ቀረፋ ተብሎ የሚሸጠው አብዛኛው ካስያ የሚባለው ወፍራሙ ልጥ ነው፤ በውስጡ ያለው ኩማሪን የሚባል ነገር ሲበዛ ጉበት ይጎዳል። ለአንድ ድስት አንዲት ቁራጭ ምንም አይደለም፤ ዱቄቱን በየቀኑ በማንኪያ መዋጥ ግን ሌላ ነገር ነው። ስስ ሆኖ እንደ ወረቀት የተጠቀለለው የሲሎን ቀረፋ ኩማሪኑ እጅግ ጥቂት ነው። ደም ማነስ ያለባቸውና ነፍሰ ጡሮች ደግሞ ሻይን ከምግብ ጋር ባይጠጡ ይሻላል፤ ሻይ ሰውነት ከምስር፣ ከጤፍና ከጎመን የሚያገኘውን ብረት እንዳይወስድ ያግዳል። ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል መቆየት ይበቃል።

የሌሊት ሥራ ያለው ሰው በየቀኑ መውቀጥ ከሰለቸው፣ እሑድ ዕለት ቅመሙን ብቻ በርከት ባለ ውኃ አፍልቶና አጥልሎ በማቀዝቀዣ ቢያስቀምጠው ሦስት ቀን ይቆይለታል። ሲወጣ ያንን አሙቆ ቅጠሉንና ወተቱን ይጨምርና በፔርሙስ ይዞት ይሄዳል።